ባሕር መዝገብ

አራት ኪሎ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጠመኔ የጠገበ ጠረጴዛ፤
ካርታ ዘርግተን ስንጣላ ዋልን፣ የትኛው ባሕር በስንት ይገዛ።

ፈይሰል ሁርጋዳ ይላል፤ ኮራሉ ከዳር ይታያል፤
ትኬቱ ግን ገና ሳይጠልቁ ያሰጥማል።
ኩለኒ ዛንዚባር ትላለች፤ አክስት አላት እዚያ ቤት የሠራች፣
አክስቷ ግን አሥራ አንድ እንግዳ ስትሰማ ስልኳን ዘጋች።
ምጽዋማ ቅርብ ነበር፤ ጣቴ ዳህላክ ደረሰና
ዝም አልን ሁላችንም፤ ከካርታው ሌላ መንገድ የለምና።

ቀረችን ጅቡቲ፣ በባቡር፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ፤
ታንኩ በኪራይ፣ ስንቁ ከቤት፣ በሶና ቆሎ።

ወይዘሮ ስንዱ ከሒሳብ ክፍል፣ ባሕር መዝገባቸውን ገልጠው፣
«ወደብ ለሌለው አገር መጥለቅ ምኑ ነው?» አሉ፣ መነጽራቸውን አውልቀው።
እውነታቸውን ነው። እዚህ የማውቀው ባሕር ሁለት ነው፤
አንዱ እንጦጦ ላይ ዛፍ፣ ሌላው እጃቸው ላይ ያለው።

ልመልስ ስል አንለይን አየሁት፣ ዋና የማይችለውን፣
ከኋላ ወንበር፣ ጉንጩን ነፍቶ፣ በሁለት ጣት ይዞ አፍንጫውን፣
በግድግዳው ሰዓት ትንፋሹን ሲቆጥር።

የወይዘሮ ስንዱ እስክሪብቶ አየር ላይ ቆመ፣ መልሱም ጠፋኝ፤
ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ…