የግራ እግር ጫማ

ከማሳትላን ወደብ፣ ዓሣ ከሚሸትበት አገር፣
ዱራንጎ ተድሬ፣ ደረቁ ተራራ ሥር፣
በጭቃ ጡብ ቤት በሙሽርነቴ ሳድር፣
አማቴ ኤውላሊያ መጀመሪያ ያስተማሩኝ ነገር
የወጥ ሙያ አልነበረም፣ ጸሎትም አልነበር።

«አልጋሽን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቂ፤
አራቱንም እግሩን በማሰሮ ውሃ አጥልቂ፤
ከክምሩ እንጨት ስታነሺ፣ አስቀድመሽ በዱላ ጠይቂ፤
ጫማሽን ሁለት ጊዜ መትተሽ አራግፊ፤
በጨለማ፣ በባዶ እግር፣ ከደፍ አትለፊ።»

ከሸክላውና ከጣሪያው ወራጅ መሃል ይኖራሉ፣
ቢጫ፣ ቀጫጫ፣ ገለባ ይመስላሉ።
ጓሮ፣ ከጉድጓዱ ክዳን ሥር፣ ባለሻኩራዋ እባብ አለች፤
እሷስ ጨዋ ናት፤ ሳትነድፍ ትናገራለች፣
ጅራቷን አንሿሽታ «እዚህ ነኝ» ትላለች።
ጊንጥ ግን ቃል የለውም።

ባሌ ፖንሲያኖ ዐሥራ አንዴ ተነድፏል፤
እንደ ልደቱ ቀን አንድ በአንድ ይቆጥራል።
«ዘጠነኛው የሠርጋችን ዋዜማ ነበር» ይለኛል፤
«ምላሴ ሲደነዝዝ፣ ፍቅርሽ መስሎኝ» ብሎ ይስቃል።

አማቴ አይስቁም።
ጠዋት ጠዋት፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣
ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጫማ ይወስዱ፣
የግራ እግር፣ ማሰሪያዋ ተበጥሶ የተቋጠረ፣
ቆዳዋ ከመድረቁ ብዛት እንደ ቅርፊት የከረረ፤
ሁለቴ ከድንጋዩ ያጋጯታል፣
ውስጧን ያያሉ፣ መልሰው ያስቀምጧታል።
እግሩን የሚከትባት የለም።

«የማን ናት?» አልሁ አንድ ቀን።
«የኤሊሴዮ። አምስት ዓመቱ ነበር። ያን ጠዋት ቸኮልሁ፤
ላሟ ጠፍታ ነበር።» አሉኝ። ሌላ አልጠየቅሁ።
መድኃኒቱ ከተማ ነበር፤ ከተማው ደግሞ ሩቅ።

ዝናቡ በገባ ሳምንት ባሌ ከገበያ መጣ፣
ሐምራዊ ብርሃን የሚተፋ ባትሪ ይዞ በእጁ ጣጣ።
ኩራዙን አጥፍቶ ያንን ቢያበራው፣
ግድግዳው በሙሉ አረንጓዴ አረንጓዴ ተነቀሰ፣
ጣሪያው ከነቆጡ ተንቀሳቀሰ።
ሃያ ሰባት ቆጠርን። እሱ ሳቀ።
እኔ ሆዴን ያዝሁ፤ ስድስት ወሬ ነበር።

ሃያ ስምንተኛዋ ጫማዋ ውስጥ ነበረች።
እሷ ታበራለች፤ በጀርባዋ ላይ ግን
ገና የማያበሩ፣ እንደ ሩዝ ፍሬ የነጡ፣
እርስ በርስ ተጣብቀው የተቀመጡ።
አማቴ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ።
«አዝላለች» አሉ። ድምፃቸው ቀጠነ።
ከዚያ ጫማዋን ገልብጠው አራገፉ፣
በዚያችው በጫማዋ ሶል ደጋግመው ለጠፉ፣
ወለሉ ላይ የሚላወስ እስኪጠፋ።
እራት አልበሉም። እኛም አልጠራናቸው።

አሁን እሳቸው የሉም፤ የመስኮቱ ደፍ አለ።
የልጄን ጫማ አራግፋለሁ፣ ቀኝና ግራ፤
ከዚያ ሦስተኛዋን፣ ሁለቴ፣ በተራ።
ትላንት ጠብ ያለ ነገር ነበር፤
ዘልዬ ተነሣሁ። ቅጠል ነው፣ የተጠቀለለ፣ የደረቀ።
ልቤ ግን እስኪያምን ድረስ ቀኑ ረፈደ።

ልጄ እየተመለከተችኝ ነበር፣ እግሯን በአየር ላይ አንሥታ፣
አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን ጠብቃ።
«ይቺ ለማንም አትሆንም፤ ለምን ታራግፊያታለሽ?» አለችኝ።
አፌ የራሱን መልስ አጣ።
«ላሟ ጠፍታ ነበር» አልኋት።