ከፊል

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ
አንዱን ሳሎን ለስድስት በኮምፔንሳቶ ከፍለው
ፓርቲሽን ይሉታል፤ የኔ ሦስተኛው ነው።
ላፕቶፔም እንዲሁ፤ በሰማንያ ድርሃም
ከአሮጌ ዕቃ ክምር መርጬ ያወጣሁት፣
ሆዱን ለሦስት ከፍዬ ሊኑክስ የጫንኩበት፤
እሱም እንደኔው ነው፣ ክፍል ውስጥ ክፍል ያለበት።

ዛሬ ማታ ዋይፋዩ እምቢ አለ።
ምልክቱ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣
"በመገናኘት ላይ" ብሎ ተስፋ ይሰጥና ይሞታል።

ከጣውላው ማዶ ዙቤይዳ፦ "ተገናኘ?"
"ቆይ።"
"ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል እኮ ቅጹ!"
የዝውውር ቅጽ ነው፤ ከፊል ልትቀይር።
ባገራችን ከፊል ሲባል ጎደሎ፣ ግማሽ ነው፤
እዚህ ከፊል የሚሉት ሙሉውን የያዘውን ነው።

ኔትወርክ ማናጀር ይባላል የኔው ማሽን አዛዥ፣
ቁልፍ ሁሉ ሰብስቦ በወገቡ ያዥ።
አሰናበትኩት።
ዊክድን አሰብኩ፣ የድሮውን፣ ደጉን ሽማግሌ፤
ጧሪ አጥቶ ከቀረ ቆየ፣ ቤቱም ተዘግቷል።
ሰፕሊካንት የሚሉትም አለ፤ ትርጉሙን ሳይ ሳቅሁ፦
ተማጻኝ፣ ደጅ ጠኚ!
እሱንማ እኔው አለሁ።

ለቅጹ የማትበቃ ሽራፊ ዳታ ነበረች በስልኬ፤
በሷ አይ ደብሊው ዲን አወረድኩ፣ ትንሽዬውን።
ዳታዋ አለቀች። ወደኋላ የለም።
ሁለት አዛዥ ባንድ ካርድ አይነግሥም፤
የፊተኛው እንዳይነሣ በሩን ዘጋሁበት።
ጥቁሩ መስኮት የጎረቤቱን ስም ደረደረ፦
"አቡ ራሺድ"፣ "ውበት ሳሎን"፣ "አትስረቁ"፣
የኛው ከሁሉ በታች።
የይለፍ ቃሉን ጻፍኩ።
ምንም አላለም።
ሊኑክስ ሲሳካለት ዝም ነው የሚል።

ላፕቶፑን በጣውላው አናት ላይ አቀበልኳት፤
የታየኝ በበረኪና የነጣ ጣቷ ብቻ።
ፊደል ስትለቅም እሰማለሁ፣ አንድ ባንድ፣
እንደ ምስር።

ከዚያ ቆመች።
"የአዲሱ ከፊል ስም፣ ይላል። ባዶ ብተወውስ?"
"አያሳልፍሽም።"
ማሽን ሲሆን ያለ አዛዥም በእጅ፣ ትእዛዝ በትእዛዝ
መገናኘት እንደሚቻል አልነገርኳትም።
ምን ይሠራላታል?

ለስድስት ዘጠኝ ጉዳይ።
ከጣውላው ማዶ አንድ ቁልፍ ቀጭ አለ፤ ቆይቶ ሌላ።
የማንን ስም እንደምትጽፍ
በድምፁ ልለይ ጆሮዬን ጣውላው ላይ አስጠጋሁ።