ትርፍ ብሎን

አሽዶድ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከወጥ ቤቴ መስኮት
መርከብ ይታየኛል፣ ሲጭን የሰው ንብረት፤
ኮንቴይነሩ ቀይ ነው፣ ሰማያዊም አለ፣
እንደ ሳሙና ካርቶን የተደለደለ።
አንድ ቀን ወርጄ ዋጋውን ጠየቅሁ፣
አለመጠየቁ ይሻል እንደነበር ኋላ ነው ያወቅሁ፦
ለአንድ ሜትር ኪዩብ የሁለት ወር ደሞዝ፣
ከጅቡቲ ወዲያ ሌላ ቀረጥ፣ ሌላ መዘዝ።

ዕቃዬ አንዲት ናት፤ የማክሉፍ ሲንጀር።
ሞሮኳዊው ጎረቤቴ፣ ዓይኑ ደክሞ ሱቁን ሊዘጋ ሲል፣
«ውሰዳት» አለኝ፣ «በአራት ጊዜ ክፈል፤
ለእኔ ብረት ናት፣
ለሚሠራባት ግን እጅ ናት።»

እህቴ ያለምዘርፍ ጎንደር ላይ ጥሪ ትጠብቃለች፤
ዘንድሮ ነው ሲሏት፣ ለከርሞ ነው ሲሏት፣ አሥራ አንድ ዓመት ቆጥራለች።
«እጄን አጣጥፌ መቀመጥ መረረኝ» ብላ ጽፋለች።

ስለዚህ ሲንጀሯን ፈታኋት፤
በመፍቻ፣ በዘይት፣ በሌሊት፣ ብሎን በብሎን በታተንኳት።
ማን ይሄዳል? ማን ይበራል? ሁለት ኪሎ ለማን ይተርፈዋል?
ሰው ሃያ ሦስት ኪሎውን በገዛ ዘመዱ ጉዳይ ሞልቶታል።
«አንድ ኪሎስ?» «ግማሽስ?» እያልኩ በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣
ሰላምታዬን እንኳ ሰው ሸሸው።

መዘውሯን ጥሩዬ ወሰደች፣ ለእናቷ ተዝካር ስትሄድ፣
በልጇ ዳይፐር ጠቅልላ፣ ፈታሽ እንዳይለው ጉድ።
መርገጫዋን የአውቶቡስ ሾፌሩ አዱኛው፣ ሊያገባ ሲሄድ፣ ከሱፍ ልብሱ ሥር፤
ቺንጋዋን እህቱ በወገቧ ታጥቃ፣ «የለበሱት አይመዘንም» ስትል ትስቅ ነበር።

ዋናው አካሏ ግን፣ ዘጠኝ ኪሎ ብረት፣
ዓመት ከመንፈቅ አልጋዬ ሥር አደረ፣ የሚያዝንለት አጥቶ አንድ አንጀት።
ኋላ ቄስ አድማሴ፣ ከነጠላና ከመጽሐፍ በቀር ጓዝ የማያውቁ፣
«አምጣው» አሉ ሳይጨነቁ።
ኤርፖርት ላይ ግን በስክሪኑ መሣሪያ መስሎ ታየና
አራት ወጣት ከበባቸው፤ እሳቸውም የነጠላቸውን ጥለት ያዙና፣
እግራቸውን እየረገጡ፣ በአፋቸው ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣
ቆመው ሰፉላቸው ከፍተሻው ጠረጴዛ አጠገብ፤ የከበቡት ሁሉ በሣቅ።

ሦስት ዓመት በዚህ አለቀ።
ደወለች፦ «ገጠምኳት! ትሰፋለች! ያ ሁሉ ብረት ታረቀ።
ብቻ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ የጎደላት ነገር ይኖር ይሆን?»
ዓይኔን ወደ መስኮቱ ጣልኩ፤ በሻይ ብርጭቆ ውስጥ አንዲት ብሎን።
«እርጅና ነው» አልኳት።
ዋሸኋት።

በዓመቱ ተጠራች።
ሃያ ኪሎ ተፈቀደላት፣ ሦስት ሳምንት ጊዜ ተሰጣት።
«መኪናዋስ?»
«ለጎረቤቴ ልጅ ለስንዱ ሰጠኋት።»
ዝም አልኩ። ጥሩዬ፣ አዱኛው፣ ቄስ አድማሴ፣ ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ ኪሎ…
«ምነው፣ ከፋህ?»
«ኧረ ምን ቆርጦኝ!» አለ አፌ ቶሎ።

በሐምሌ ሐሩር ከኤርፖርቱ በር ብቅ አለች፤
ሦስት ቀሚስ ደርባ፣ ላቧ እየወረደ፣ እንደ ሽንኩርት ተጠቅልላለች።
«ቺንጋውን ያመጣችው ልጅ ትል የለ፣ የለበሱት አይመዘንም?» ብላ ሣቀች።
ሦስቱንም ራሷ ሰፍታቸዋለች። ጠርዙን ገልጬ አየሁት፦
በየስንዝሩ አንድ ስፌት ተዘሏል፣
ቀጭ ያለችበት ቦታ፣ ብሎኗ የጎደለችበት።

ማታ ብርጭቆውን ሰጠኋት። በመዳፏ አገላብጣ
አየቻት፣ አየችኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣ።
ከመስኮቱ ቆማ፣ መርከቡ መብራቱን አብርቶ ሲጭን አየች፤
ብሎኗን በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረች።
«ስንዱ እኮ» አለች፣ «አሁንም ቀጭ እያለባት ነው።
በል ንገረኝ፣
በዚህ ሳምንት ወደ ጎንደር የሚሄድ ማን አለ?»