የዝናቡ ግማሽ

ፈቃዴ ወጣ፤
ከነቁጥሩ፣ ከነማህተሙ።
እጀታው የዋንዛ እንጨት ነው፣ ይሞቃል፤
ስሜ ግን ተገልብጦ ጎማ ላይ በቅሏል።

ስድስት ዓመት የልምድ ደብዳቤ ሳስፈርም፣
"ፎቶ ጨምሪ"፣ "ነገ ተመለሺ" ስባል፣
እኔ እያሰላሁ ሌላ ሰው ሲፈርም፣
እንቅልፌ ግን የራሴ ነበር።

ሄርማታ፣ አርማታ ስንሞላ
ለፎርማን ሙዘይን አሳየሁት።
እጁን በሱሪው ጠረገ፣
ማህተሙን መዳፉ ላይ ጫን አድርጎ አየው፤
እንኳን ደስ ያለሽ አላለም።
ቀና ብሎ ወደ ጅሬን፣
"ከዛሬ ወዲያ ከሚዘንበው
ግማሹ ያንቺ ነው" አለ።
ሳቅሁበት።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቆርቆሮው ጮኸ።
ድሮ ለዚህ ድምፅ ብርድ ልብስ ነበር የምስበው፤
አሁን ተነስቼ ቁጭ፦
የቦዬው ትምህርት ቤት ጣሪያ፣
ሌላ ሰው የፈረመበት የአዌቱ ዳር ግንብ ሳይቀር፣
ባለቤቱ "አሥራ ስድስቱን ብረት በአሥራ አራት" እያለ
የለመነኝ ምሰሶ፣
ያልደረቀው ወለል!

ቦቲዬን አጥልቄ፣ ባትሪ ይዤ ሮጥኩ።
ሙዘይን ቀድሞኛል፤
ፈቃድ የለው፣ ማህተም የለው፣
ላስቲኩን ጥግ ጥጉን በድንጋይ እየጫነ፣
"በዚያ በኩል ያዢ" አለኝ፣
"ያንቺ ወገን ነው።"