የክንፍ ሥር ጥላ

በታኅሣሥ፣ የሎውናይፍ፣ ፀሐይ እንግዳ ናት፤
አራት ሰዓት ላይ መጥታ ዘጠኝ ላይ የምንሸኛት።
በቀረው ሰዓት፣ ሥራ ለያዘ ሰው፣
ብርሃን ደመወዝ ነው፤ በብልሃት ከወር እስከ ወር የሚያደርሰው።

ፕላኔን ጠቅልዬ፣ በብብቴ ሸጉጬ፣
የሐንጋሩን በር በትከሻዬ ገፍቼ
ገባሁ። ጣሪያው ሩቅ ነው፤ አሥራ አንድ ሜትር ቁመት፣
ቀና ያለ አንገት ቶሎ የሚደክምበት።
አሮጌዎቹ መብራቶች እንቅልፋቸው ከባድ ነው፤
ሩብ ሰዓት ይፈልጋል፣ እስኪገለጥ ዐይናቸው።
ከሥራቸው የቆመ የወፍ በሽታ የያዘው ይመስላል፤
ቀይ ሽቦ ከብርቱካን፣ ብርቱካኑ ከቡኒ ይቀላቀላል።

ለዚህ ነበር የጠሩኝ። እኔም ስሌቴን ሠራሁ፤
ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የብርሃን ድርሻ ቆጠርሁ፤
አምስት መቶ ሉክስ፣ ነጭ፣ ቀትር የመሰለ፣
ሠላሳ ስድስት ኤልኢዲ በአራት ረድፍ የተሰቀለ።
ባለቤቱ ግሬንጀር ዋጋውን አይቶ ቃል አጣ፤
ቆይቶ ግን ሊፈርም ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።

ያኔ ከኦተሩ ሆድ ሥር፣ በጀርባዋ ተንሸራታ፣
ብቅ አለች ኦዴት፣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ባትሪ አብርታ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ብሎን ያጠበቀ እጇን
ፕላኔ ላይ አሳረፈች፤ በዘይት አተመችበት አምስቱንም ጣቶቿን።
«ሁሉም ከላይ ነው» አለች። «እኔ ደግሞ ከታች ነኝ።
መብራትህ ጀርባውን ሲያጥበው፣ ሆዱ ሥር ማን ያብራልኝ?»

የክንፍ ጥላ መጠጊያ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤
ለካ መካኒክ ይፈራዋል፣ ስንጥቅ ይሸሸጋልና እዚያ ሥር።

«ተኛ» አለችኝ።
ተኛሁ። ሲሚንቶው በካፖርቴ ውስጥ ነከሰኝ።
ባትሪዋን ፊት ለፊት ደግና ብረቱን አሳየችኝ።
«ምን ታያለህ?» «ምንም።»
እጇን ወደ ጎን ወሰደች፤ ብርሃኑ ብረቱን ልሶ አለፈ፤
ፀጉር የምታህል መስመር፣ ከነጥላዋ፣ ተጻፈ።
ከብሎኑ ቀዳዳ ተነሥታ ወደ ውጭ የምትሄድ፣
ሁለት ጣት ገና ያልሞላች፣ ግን የመሄድ ሐሳብ ያላት መንገድ።
«ከፊት ሲያበሩባት ዝም ትላለች፤
ከጎን ሲመጡባት ትናዘዛለች።»

በፕሮፔለሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ታሰረ፤
ያ ኦተር ያን ሳምንት መሬት ላይ አደረ።
ስንት ዘመን ብርሃን ማብዛት ሙያ መስሎኝ ኖሬ፣
ጥላም እንደሚታቀድ ተማርሁ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣ ዛሬ።

ግሬንጀር ብዕሩን መለሰ። እኔም ወረቀቱን ገለበጥሁ፤
ዘይቱ ሰርጎ ከወጣበት፣ ከአምስቱ ጣት ዙሪያ ሣልሁ።
ሠላሳ ስድስቱ ሃያ ሁለት ሆኑ፤ የተረፉት ወረዱ፤
በግድግዳው ወገብ፣ በሰው ትከሻ ልክ፣ ማዶ ለማዶ ተዛመዱ።
ለየወገኑ የየራሱ ማብሪያ፣ ቀኙን አጥፍታ ግራውን እንድታስቀር፤
ወለሉ ነጭ ቀለም ይቀባ፣ ወደ ላይ እንዲያበራ ምድር።
ደጁ አርባ ከዜሮ በታች ነው፤ በሩ ሲከፈት ጉም ይገባል፤
ብርዱን የሚችል፣ ሲጠሩት ወዲያው የሚነሣ መብራት ይገዛል።

«የቀለሙስ ዋጋ?» አለ ግሬንጀር። «እሱ ከየት ይወጣል?»
«ካልወደቀው አውሮፕላን» አለች ኦዴት፣ «ከዚያ ሒሳብ ይተርፋል።»

በየካቲት፣ ፀሐይዋ መቆየት ስትለማመድ፣
የመጨረሻውን ሽቦ አስሬ ከመሰላሉ ስወርድ፣
ሁሉንም ባንዴ አበራሁት። ሐንጋሩ ወተት መሰለ፤
ቀዩ ሽቦ ቀይ ሆነ፤ ግሬንጀር «እሰይ!» አለ።
ኦዴት ግን ዝም ብላ ሄዳ ከማብሪያዎቹ ፊት ቆመች፤
ቀኙን ግድግዳ አጠፋች። ጣሪያውንም አጠፋች።
በግራው ብርሃን ብቻ፣ ክንፉ ጥላውን ዘርግቶ፣
እያንዳንዱ ብሎን የራሱን ትንሽ ጥላ ከጎኑ አስተኝቶ፣
ታየ። ተንሸራታ ገባች።
«የግማሽ ኢንቹን ቁልፍ» አለች።
ከሆዱ ሥር እጇ ብቻ ወጣ፤
አቀበልኋት።