ከወረቀቱ ጀርባ

ብሩክስ፣ አልበርታ፣ ከሌሊቱ ሰባት፤
ነፋስ በረዶውን ሲያንገዋልል በፋብሪካው አናት፣
የአያልነህን አደጋ ፎርም ላይ ሞላሁት፣
ስም፣ ቀን፣ ክፍል፣ ሰዓት።
የጉዳቱ ዓይነት፦ ሁለት ጣት፣ ከግራ እጅ፤
ቦታው፦ ስምንተኛው መቆሚያ፣ ከማቀዝቀዣው ደጅ።
ምክንያት፦
አንዲት መስመር ናት ለዚያ የተተወች፣
ከትንሽ ጣት ጥፍር ብዙም ያልሰፋች።
ግሌን በትከሻዬ አጎንብሶ አየና
«የጥንቃቄ ጉድለት፣ እንደ ሌላው ጊዜ፤ ይህን ጻፍና
ወደ ሥራህ ሂድ፤ ሰንሰለቱ አይቆምም።»
ጻፍሁት።
በጥሩ እጅ ጽሕፈት። አልተከራከርሁም።

«እጁን ሰጠ» የሚባል ለተማረከ ነበር፤
አያልነህ ግን ሰጠ ቆሞ ሲሠራ፣ ጥይት ሳይተኮስ፣ ሳያይ የጦር አረር።

እሑድ ሜዲሲን ሃት ሄድሁ ልጠይቀው።
ከፋሻው ይልቅ ዓይኑ ነው የከበደኝ።
«ምን ብለህ ጻፍህ?» አለኝ።
ብርቱካን ላጥሁለት፣ በአንድ ወጥ፣ ልጣጩ ሳይበጠስ፤
ዝም አልሁ፣ እስከ ሌላ ወሬ ድረስ።

ሰኞ ማታ ሰዓቴን ይዤ ቆምሁ ስምንተኛው ላይ፤
በደቂቃ አምስት ከብት ያልፋል ከራስ በላይ።
አምና አራት ነበር። ፍጥነት ተጨመረ፣ ሰው አልተጨመረም።
የሞረዱ ክፍል በአራት ሰዓት ይዘጋል፤
ዱልዱም ቢላ ደግሞ ግፋኝ ግፋኝ ይላል፣
ሥጋው ሲያልቅበት የገፋውን ይበላል።
ጓንቱ የአንድ ግዙፍ ሰው ልክ ነው፣ አንድ መጠን ብቻ፤
የሮዌና እጅ ይንኳኳበታል እንደ ሽምብራ በስልቻ።
የአያልነህ ሁለት ጣቱ ላይ ተበጥሶ ነበር፤
ሌላ ከጠየቀ ሦስት ሳምንት፤ «ይመጣል» ይሉት ነበር።
ዴንግ ወገቡን ይዞ ያነክሳል፤ ያዳለጠው ሞራ ነው፣
ቱቦው ከተደፈነ መስቀልን፣ ገናን አለፈው።
ሮዌና ማበጠሪያ መያዝ አቅቷት ልጇ ታበጥርላታለች፤
በአንድ ፈረቃ ስድስት ሺ ጊዜ ያችኑ አንጓ ታጥፋለች።

ይህ ሁሉ በአንዲት መስመር አልበቃ አለኝ።
ወረቀቱን ገለበጥሁት።
«ከጀርባው የሚያነብ የለም» አለ ግሌን።
ጀርባ ያላነበበ ፊት ምን ይነግረዋል? አልሁ፣ በልቤ።
በአፌ ያልሁት «እሺ» ነው።
ግን ከዚያ ወዲህ፣ ለተቆረጠ፣ ለተቃጠለ፣ ለተሰበረ፣
ብዕሬ ጀርባ ላይ አደረ።

አንድ ቀን ከካልጋሪ የመጣች ሴት ወረቀት ገለበጠች፤
ቀለሙ ወደ ፊት ዘልቆ ኖሮ፣ ምንድነው ብላ ነው ያየች።
ቆማ አነበበች። ከዚያ ወንበር ሳበች።

ተአምር አልሆነም።
የሞረዱ በር አሁን ሌሊት አይዘጋም፤
ጓንት በየልኩ መጣ፤ ቱቦው ተጠረገ፤
በየሰዓቱ ቦታ እንለዋወጣለን፣ አንጓ እንዲያርፍ ተብሎ፤
ሰንሰለቱም አራት ነው፣ ለጊዜው፣ ሌላ ትእዛዝ እስኪመጣ ውሎ።
ወጪው ሁሉ ሲደመር፣ ግሌን ራሱ እንዳሰላው፣
ከአንድ ጣት ካሳ ያነሰ ነው።
ይህን ሲለኝ አላፈረም፤
እኔ ነኝ ያፈርሁት።

አያልነህ ግንቦት ላይ ተመለሰ፣ ጓንት ማደያ መስኮት ሥር፤
የገዛ ጓንቱን ሁለት ጣት አጥፎ ሰፍቶት ነበር።
«ልክህ ስንት ነው?» ይላል ለእያንዳንዱ፣ ሳይሰለች፣ ሳይቸኩል፤
የማይመጥን ያደረገ አያሳልፍም፣ ሰልፉ እስከ በር ቢያክል።

ያ ወረቀት ግን አለ፣ በብረቱ መሳቢያ፣
በጥሩ እጅ ጽሕፈቴ፣ ከፊቱ ቃል፣ ጀርባው ነጭ።
ያን ጥያቄ ዳግም አልጠየቀኝም።
ትናንት ብቻ ተራዬ ደርሶ ስቀርብ
ሁለቱንም እጆቼን ይዞ ገልብጦ አየና
«ዐሥር» አለኝ።

ልኬ ዘጠኝ ነው።