መዳፌን ስገለብጥ

ከዘጌ ስንመለስ እምቦጭ አነቀን፤
ፕሮፔለሩ ታስሮ ሐይቅ መሀል ቆምን።
ስንሻው በግራ፣ እኔ በቀኝ ሆነን
ሞተሩን ከውሃ ልናወጣ ሳብን።
የስንሻው መዳፍ ላይ ዘይት ነበር ኖሮ
ሙልጭ አለበትና፣ ብረቱም ተዟዙሮ
ክብደቱ በሙሉ በእኔ ክንድ ላይ ሆነ፤
አልለቅም አልኩ እኔ፣ ልቤ እየጨከነ።
ክርኔ እንደታጠፈ ወደ ታች ሲስበኝ
“ጧ!” የሚል ድምፅ ነው ከውስጤ የመጣኝ።

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲሉ
ስቄ ነበር ድሮ፤ ያን ቀን ገባኝ ቃሉ።

ሕመሙ ቶሎ በረደ፤ ደህና ነኝ አልኩ።
ስንሻው እየቀዘፈ ማታ ወደብ ደረስኩ።
ሸሚዜን ሳወልቅ ግን የክንዴ ሥጋ
ተጠቅልሎ ሸሽቷል፣ ወደ ትከሻዬ ጠጋ፤
ትልቅ ሎሚ አክሎ፣ ከሥሩ ጎድጉዶ፣
ሰው የለቀቀው ቤት፣ ወለሉ ባዶ።
በማግስቱ ከክርኔ እስከ አንጓዬ ድረስ
ቆዳዬ ጠቆረ፣ ቀለም እንደፈሰሰበት ልብስ።

ማጠፍስ ታጠፈ። መዞሩ ነው ጉዴ፤
ያቺ ትንሽ ዙር ናት የጠፋችው ከክንዴ።
ቁልፍ በሬ ላይ ሰክቼ እንግዳ ሰው ሆንኩኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት በካቻቢቴ ኖርኩኝ፤
ዛሬ አንዲት ብሎን አልፈታም አለችኝ።

ሽምብጥ ሄድኩ፣ ወጌሻው አያ ጥሩነህ ቤት።
ቅቤው ቀልጦ ነበር፤ ሳይቀቡኝ በፊት
ጣታቸውን ክርኔ እጥፋት ላይ ጣሉና
ፈለጉ። ዝም አሉ። ፈለጉ እንደገና።
“ወለምታ ቢሆን፣ ልጄ፣ በመለስኩት፤
ስብራትም ቢሆን በቀርከሃ ባሰርኩት።
በዚህ ጣት የሚጠለፍ አንድ ገመድ ነበር።
የለም። ሐኪም ቤት ሂድ፤ ቀኑን አትቁጠር።”
ገንዘቤን አልነኩም።

ዶክተር ውዳላትም፣ የሴት ልጄ እኩያ፣
በጣቷ ፈልጋ እዚያው ቦታ፣ እዚያ፣
“ሰውዬው ልክ ናቸው” አለች ሳታቅማማ።
የታንኳ ነገር አነሳች፤ ምን አለች ስማ፦
“ገመዱ ከችካል የተፈታ ታንኳ
ባለበት አይቆምም፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ።
ጅማትህም እንዲያው፣ ከአጥንትህ ተላቆ
በየቀኑ ይሸሻል፣ ወደ ላይ ርቆ።
በሁለት ሳምንት ውስጥ ስበን ካሰርነው
መልሶ የሚይዘው አጥንቱ ራሱ ነው።
ከዘገየ ግን ያጥራል፣ ባዕድ ቦታ ይጣበቃል፤
ያን ጊዜ የእኛም እጅ እንዳንተው ይደክማል።”

“ያለ ቢላስ?” አልኳት።
“ያለ ቢላም ይኖራል፤ ክንድህ ይታጠፋል።
ካቻቢቴ የምታዞርበት ጉልበት ግን ግማሹ ይጠፋል።”
“ቢላውስ?”
“ቢላውም እዳ አለው፤ የክንድህ ቆዳ
ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል።” አልሸሸገችኝም።

በዘጠነኛው ቀን አጥንቴን በስተው
ጅማቴን በክር ስበው እዚያ ቀበሩት፣ ሰፍተው።

ስድስት ሳምንት ክንዴ ከአንገቴ ተንጠልጥሎ፣
ከሻይ ብርጭቆ በላይ ምንም እንዳይነሳ ተብሎ።
ስንሻው ጧት ጧት መጥቶ የሸሚዜን ቁልፍ ይቆልፋል፤
ስለ ዘይቱ ሊያወራ ይጀምርና ይተወዋል።
እኔም አልጠየቅሁት።
ቂም አልያዝኩም ብል ግን ሙሉ እውነት አይደለም።

ከዚያ አንድ ወጣት ባለሙያ ማንኪያ አስያዘኝ፤
“ገልብጥ፣ መልስ፣ ገልብጥ” እያለ ቆጠረልኝ።
አንድ ቀን ሩብ ዙር፣ ሌላ ቀን ከዚያም ያነሰ።
ተናድጄ ማንኪያውን የወረወርኩበት ቀንም አለ፤
አንስቶ አስያዘኝ፤ ካቆመበት ቆጠረ።

በአራተኛው ወር፣ ወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣
ይብራዎች በዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየን፣
መዳፌን ገለበጥኩ፤
ሳይንቀጠቀጥ፣ ሙሉውን፣ ሰማይ እስኪያይ ድረስ፤
እንደሚለምን ሰው፣ እንደሚጸልይ፣ እንደሚቀበል።

ስንሻው አየ። ምንም አላለም።
ኪሱን ዳበሰና አንዲት ብሎን አወጣ፤
በሸሚዙ ጫፍ ዘይቷን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ፣
መዳፌ ላይ አኖራት።